«እኛ ቀድመናል» ማለት ብቻውን በሽተኛ አያድንም

 

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በደዕዋ መድረኮቻችን ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ንግግር አለ። «አውሮፓውያን ትናንት የደረሱበትን የጭንቀት ሕክምና የኛ ሊቃውንት ከሺህ ዓመት በፊት ጽፈው አስቀምጠውት ነበር» ይባላል። ጉባኤው ተክቢራ ያሰማል፤ ደስ ብሎትም ወደየቤቱ ይበተናል። ከእነዚያ ቤቶች በአንዱ ውስጥ ግን ከዓረብ አገር የተመለሰች እህት ሌሊት እየጮኸች ትነሳለች። እናቷም ጎረቤት እንዳይሰማ አፏን በእጃቸው ይይዛሉ። በመድረኩ የተወደሰው ኪታብ እሷ ዘንድ አልደረሰም።

ይህ ጽሑፍ ኪታቡን ለማቃለል የተጻፈ አይደለም። ኪታብ የሚከበረው ሲነበብ ነው። ሲነበብ ደግሞ «ምን ይላል? ማንን ይጠቅማል? የት ላይ ይቆማል?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ዑለሞቻችን ያስተማሩን የንባብ ሥርዓትም ይኸው ነው፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይመረምራል፣ ያሟላል፣ የጎደለውን ይጠቁማል።

ኪታቡና ባለቤቱ

የኪታቡ ስም «መሷሊሕ አል-አብዳን ወል-አንፉስ» ይባላል። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ለአካልና ለነፍስ የሚበጁ ነገሮች» እንደማለት ነው። ጸሐፊው አቡ ዘይድ አሕመድ ኢብኑ ሰህል አል-በልኺ ናቸው። የተወለዱት በሦስተኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን፣ ዛሬ አፍጋኒስታን በምትባለው አገር፣ በበልኽ አካባቢ በምትገኝ መንደር ሲሆን አባታቸው የሕፃናት መምህር ነበሩ። ወደ ዒራቅ ተጉዘው ከታዋቂው ፈላስፋ ከአል-ኪንዲ ተምረዋል። በመልክዓ ምድር ዕውቀትም ስማቸው የተጠራ ነው። ያረፉት በ322 ዓ.ሂ. (በ934 እ.ኤ.አ.) ነው።

ኪታቡ ለብዙ ዘመናት በኢስታንቡል በአያሶፊያ መዛግብት መካከል በእጅ ጽሑፍነት ቆይቶ ነበር። በ1984 እ.ኤ.አ. ፉአት ሴዝጊን የተባሉት ቱርካዊ ሊቅ በፍራንክፈርት ከነመልኩ አሳተሙት። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሱዳናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፕሮፌሰር ማሊክ በድሪ ስለ ነፍስ የሚናገረውን ክፍል ወደ እንግሊዝኛ መልሰው ከሰፊ መግቢያ ጋር አቀረቡት። ዛሬ በየመድረኩ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ከዚያ መግቢያ የተቀዳ ነው።

ስለ ነፍስ የሚናገረው ክፍል ስምንት ምዕራፎች አሉት። የመጀመሪያዎቹ አራቱ የነፍስን ጤና አስፈላጊነት፣ አጠባበቁን፣ ሲታወክ የሚመለስበትን መንገድና የሕመሞቹን ዓይነት ያወሳሉ። የቀሩት አራቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ሕመም ይዘዋል። እነሱም ቁጣ፣ ፍርሃት፣ ሐዘንና ወስዋስ ናቸው።

አል-በልኺ ከሚሉት ውስጥ ሦስት ነገሮች ወርቅ ናቸው። አንደኛ፣ ነፍስም እንደ አካል ትታመማለች ይላሉ። እንዲያውም ሰው የአካል ሕመም ሳያገኘው ረጅም ዘመን ሊኖር ይችላል፤ ከጭንቀትና ከሐዘን ያመለጠ ግን የለም ይላሉ። ሁለቱ የተሳሰሩ ስለሆኑ አንዱ ሲታመም ሌላውም ይታመማል። ሁለተኛ፣ አስተዋይ ሰው መድኃኒት ሳይታመም በቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ነፍሱ በተረጋጋች ጊዜ መልካም ሐሳቦችን አጠራቅሞ ለክፉ ቀን ያስቀምጥ ይላሉ። ሦስተኛ፣ የታመመ ሰው የገዛ ሐሳቡ ብቻውን ላይበቃው ስለሚችል ከውጭ የሚያግዘው መካሪ ያስፈልገዋል ይላሉ። ይህን ሁሉ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የጻፉ ሰው ሊደነቁ ይገባል።

ስሙ ዘግይቶ የመጣ ሕመም

አሁን ወደዚያች ሌሊት እየጮኸች ወደምትነሳው እህት እንመለስ። ሕመሟ ሐኪሞች ዘንድ ስም አለው፤ በአማርኛ ድኅረ አደጋ የአእምሮ ጭንቀት ይባላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከመድፍ ናዳ የተረፉ ወታደሮች እየተንቀጠቀጡ ሲመለሱ «የመድፍ ድንጋጤ» ተብሎ ነበር፤ ከእነሱ መካከልም «ፈሪ» ተብለው የተዋረዱ ነበሩ። ከቬትናም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1980 እ.ኤ.አ. ዛሬ በሚታወቅበት ስም በሕመሞች መዝገቡ ውስጥ አሰፈረው።

ምልክቶቹ በአራት ይከፈላሉ። የደረሰው ነገር በቅዠትም በቁም እንደገና ይመጣል። ሰውየው ያንን የሚያስታውሰውን ቦታ፣ ሰውና ወሬ ይሸሻል። ስለ ራሱና ስለ ዓለም ያለው አመለካከት ይጨልማል፤ ደስታ ይርቀዋል፣ ራሱን ይወቅሳል። አካሉም እንደ ዘብ ነቅቶ ይኖራል፤ በትንሽ ድምፅ ይደነግጣል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ በቀላሉ ይቆጣል። ክፉ ነገር የደረሰበት ሁሉ ይህ ሕመም አይዘውም፤ አብዛኛው ሰው ከጊዜ ጋር ይጽናናል። ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ ከቆዩና ሥራንና ኑሮን ካሰናከሉ ግን ሕክምና የሚያስፈልገው ሕመም ሆኗል ማለት ነው።

ይህ ጉዳይ ከእኛ ቤት የራቀ አይደለም። ከ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል። ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. በነበረው የሰሜኑ ጦርነትም በወሎ፣ በዓፋርና በትግራይ ስንቱ ቤተሰብ ሞትና መደፈርን በዓይኑ አይቷል። የብዙዎቹን ሰዎች የአካል ቁስል አይተን አስታመናል። የነፍስ ቁስላቸውን ግን «አመል» ብለን አልፈነዋል።

ኪታቡ የሚቆምበት ቦታ

የሒሳችን ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። አል-በልኺ ስለ ፍርሃት በጻፉት ምዕራፍ የሚያቀርቡት ዋና ሕክምና ሐሳብን በሐሳብ መመለስ ነው። ሰው ከሚፈራቸው ነገሮች አብዛኛዎቹ እንደፈራው ሆነው አይደርሱም ይላሉ። ለዚህም አንድ ውብ ምሳሌ ይሰጣሉ። አንድ የበረሃ ዓረብ እርጥበት ወዳለበት አገር ሄዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉም ያያል። የማይታለፍ ግንብ መስሎት ይፈራል። ቀርቦ ሲገባበት ግን እርጥብ አየር ብቻ ሆኖ ያገኘዋል።

ምሳሌው ነገ ለሚመጣው ለሚጨነቅ ሰው እውነተኛ መድኃኒት ነው። ፈተና ለሚፈራ ተማሪ፣ ድህነት ለሚፈራ ነጋዴ፣ ሰው ፊት መናገር ለሚፈራ ወጣት ይጠቅማል። የኛዋ እህት ግን ጉሙ ውስጥ ገብታ ነበር፤ ያገኘችውም እርጥብ አየር አልነበረም። በረሃብ ተቆልፎባታል፣ የፈላ ውኃ ፈስሶባታል፣ ከዚያም የከፋ ደርሶባታል። የደረሰባትን ሰው «የምትፈሪው አይደርስም» ብሎ ማጽናናት አይቻልም። እንዲህ የሚላትም ሰው ምን እንደሆነች እንዳልገባው ወዲያው ታውቃለች፤ ከዚያ በኋላ አፏን ትዘጋለች።

የአል-በልኺ ምዕራፍ ስለ ነገ ፍርሃት የተጻፈ ነው፤ ይህ ሕመም ግን የትናንት ፍርሃት ነው። ትናንትነቱም ለሌላ ሰው እንጂ ለታማሚዋ አይደለም። የበረኪና ሽታ ሲሸታት፣ በር ሲንኳኳ፣ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ሲጠራት፣ አካሏ ያ ነገር አሁን እየሆነ እንዳለ ይቆጥረዋል። አእምሮዋ «እኔ እቤቴ ነኝ» ይላል፤ ልቧ ግን እዚያው ነው። እንዲህ ያለውን ሁኔታ በክርክር ማሸነፍ አይቻልም፤ ሐሳቧ ስላልተሳሳተ።

ስለዚህ አል-በልኺ ይህን ሕመም ቀድመው አግኝተውታል የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። ፍርሃትንና ሐዘንን በሚገባ አጥንተዋል፤ ይህንን ግን ለይተው አልጻፉም። ይህ ለእሳቸው ነውር አይደለም። ነውሩ ያልጻፉትን ጽፈዋል ማለት ነው። ፕሮፌሰር በድሪ ኪታቡን ያቀረቡት በቅርሳቸው ለሚያፍሩ የሙያ ባልደረቦቻቸው ነበር። በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሌላ መጽሐፋቸውም ሙስሊም የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ምዕራባውያንን በጭፍን መከተላቸውን አጥብቀው ነቅፈዋል። የኛ ተናጋሪዎች ግን መግቢያውን ይዘው ውስጡን ተዉት። ለሐኪሞች የቀረበ ማስረጃ ለምእመናን ፉከራ ሆነ።

ኪታቡ የሚያግዝበት ቦታ

ይህን ካልን በኋላ ፍትሐዊ እንሁን። አል-በልኺ በዚያው የፍርሃት ምዕራፍ ሌላም መንገድ ይጠቁማሉ። ሰው የሚፈራውን ነገር ጆሮውና ዓይኑ እስኪለምደው ድረስ ደጋግሞ ቢቀርበው ፍርሃቱ እየደከመ ይሄዳል ይላሉ። በድኅረ አደጋ ጭንቀት ላይ ዛሬ ፍሬ ያሳዩ ሕክምናዎች ከዚህ ሐሳብ ጋር የሚቀራረቡ ናቸው። ታማሚው ከሠለጠነ ሰው ጋር ተቀምጦ፣ በራሱ ፈቃድ፣ የደረሰበትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተል ይተርካል፤ ይደጋግመዋል። ቀስ በቀስ ትዝታው ቦታውን ያገኛል። «ያኔ» የነበረው «ያኔ» ሆኖ ይቀራል።

ይህ ሕክምና የሀብታም አገር ነገር ብቻ አይደለም። በኡጋንዳ በናኪቫሌ የስደተኞች ሰፈር ለሶማሌና ለሩዋንዳ ስደተኞች ተሰጥቶ ውጤቱ በ2008 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሕክምናውን የሰጡት ዶክተሮች አልነበሩም፤ ከስደተኞቹ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ይህን ልብ እንበል። አል-በልኺ «ከውጭ የሚያግዝ መካሪ» ያሉት ሰው በየመስጊዳችንና በየመድረሳችን ሊሠለጥን ይችላል ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ራስ ፈቅዶ ቀስ በቀስ መቅረብ ሌላ ነው፤ በሌላ ሰው መገደድ ሌላ ነው። «እንኳን ደህና መጣሽ» ብሎ የመጣ ጎረቤት ሁሉ «ምን አደረጉሽ? ንገሪና» እያለ ቢያስጨንቃት ቁስሏን ይነካካል እንጂ አያክማትም። መናገር ስትፈልግ ሰሚ ታግኝ፤ ዝም ማለት ስትፈልግም ዝምታዋ ይከበር።

«ኢማኗ ደክሞ ነው» ለሚሉ

ከሁሉ የሚጎዳው ይህ አባባል ነው። ቁርኣንን ያነበበ ሰው ግን እንዲህ ሊል ባልደፈረ። ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) ያማረ ትዕግሥት ባለቤት ነበሩ፤ ሆኖም በዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ሐዘን ዓይኖቻቸው ነጡ። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ከምስር በፍርሃት ወጥተው ከዓመታት በኋላ ወደዚያው ሲላኩ፣ ነፍስ ያጠፉበትን ቀን አስታውሰው እንዳይገድሏቸው እንደሚፈሩ ለጌታቸው ነገሩ፤ ወንድማቸው ሃሩን (ዐ.ሰ.) እንዲረዳቸውም ለመኑ። አላህ (ሱ.ወ.) አልነቀፋቸውም፤ ወንድማቸውን ሰጣቸው። ወደሚፈራው ቦታ የሚመለስ ሰው አጋር ቢፈልግ ምን ያስደንቃል?

የአላህ መልክተኛም (ሰ.ዐ.ወ.) በኡሑድ ዘመቻ አጎታቸውን ሐምዛን (ረ.ዐ.) የገደለው ወሕሺ ሰልሞ በመጣ ጊዜ ኢስላሙን ተቀበሉት። ሆኖም ፊቱን ከእሳቸው ማራቅ ይችል እንደሆነ ጠየቁት፤ ይህንንም ቡኻሪ ዘግበውታል። ከፍጡራን ሁሉ ኢማናቸው የበለጠው ነቢይ ያንን ፊት ማየት ከከበዳቸው፣ የአንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ መንቀጥቀጥ እንዴት የኢማን ማነስ ይባላል?

ራሷን ለምትወቅስ እህትም አንድ ቃል። ተገድዳ ክብሯ የተነካ ሴት ወንጀለኛ አይደለችም። በሱረቱ አን-ኑር የተገደዱትን ሴቶች በተመለከተ አላህ (ሱ.ወ.) መሐሪና አዛኝነቱን ነው ያወሳው። አላህ ያልወቀሳትን ሴት አባትና ወንድም ሊወቅሷት አይገባም።

ስለ ጂንና ስለ ዱላ

የጂንን መኖር የሚክድ ሙስሊም የለም። በቁርኣንና በተረጋገጡ ዱዓዎች የሚደረግ ሩቅያም ሱንና ነው። ችግሩ ምርመራ ሳይደረግ ሁሉን ነገር ለጂን መስጠት ነው። በማውቀው ሰፈር አንዲት ተመላሽ እህት ቁርኣን በቴፕ ሲከፈት ትንቀጠቀጥ ነበር። «ይኸው፣ ጂኑ ቁርኣን ፈራ» ተባለ። ቆይቶ ለአክስቷ እንደነገረችው ግን፣ በአሠሪዋ ቤት ያው ቀራኢ ከጠዋት ጀምሮ ይከፈት ነበር፤ የምትደበደበውም ያ ድምፅ እየተሰማ ነበር። ልጅቷ የአላህን ቃል አልጠላችም፤ ሰላቷንም አታቋርጥም። አካሏ ያንን ቤት አስታውሶ ነው። ይህን ሳይጠይቁ ወደ አንድ «አካሚ» ወሰዷትና እጅና እግሯ ታስሮ በዱላ ተመታች። ተደብድባ የታመመችን በዱላ ማከም ከየትኛው ሸሪዓ የመጣ ነው? ይህ ሩቅያ ሳይሆን ሌላ አደጋ ነው።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንድንታከም አዘዋል፤ አላህ ከእርጅና በቀር መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ እንደሌለም ነግረውናል። ስለዚህ ምልክቶቹ የቆዩበትን ሰው ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ተወኩልን አይቃረንም። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ በየክልሉ በሚገኙ ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች አሉ። ከንግግር ሕክምናው ጎን እንደ ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶች ይታዘዛሉ። ኪኒኑ በጥቂት ቀን አይሠራም፤ ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ «አልረዳትም» ብሎ ማቋረጥ፣ ወይም ትንሽ ሲሻላት ያለ ሐኪም ፈቃድ መተው አይገባም። «ከምኖር ብሞት ይሻላል» የሚል ቃል ከተሰማ ደግሞ ለነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ነው።

በቤት ውስጥ የሚደረገውም ብዙ ነው። ከኋላዋ በድንገት አትምጡ፤ ስሟን ጠርታችሁ ግቡ። መኝታዋ ብቻዋን የማትቀርበት፣ በሩም በእሷ እጅ የሚከፈት ይሁን። ሰላቷ፣ ዚክሯና ዱዓዋ ትልቅ ማረፊያዋ ናቸውና አግዟት፤ ግን እንደ ቅጣት አታዙባት። ስላላመጣችው ገንዘብ አታንሱ። ትዳርን እንደ መድኃኒት አድርጋችሁ አትቸኩሉባት።

መድረሳ የምናስተምር ሰዎችም ድርሻ አለን። አል-በልኺ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ መልካም ሐሳብ በሰላሙ ጊዜ ይጠራቀም ብለዋል። በአሥራ ስድስትና በአሥራ ሰባት ዓመቷ ከመንደራችን ለምትወጣ ልጅ ግን ማን አጠራቀመላት? ፊደልና ጁዝእ አስቆጥረን ሸኘናት። ስለ ፍርሃትና ስለ ሐዘን የሚናገሩት ሁለቱ ምዕራፎች ወደ አማርኛ ተመልሰው፣ የት ላይ እንደሚያግዙና የት ላይ ሐኪም እንደሚያስፈልግ የሚያስረዳ የባለሙያ ማብራሪያ ታክሎባቸው በየመድረሳው ቢነበቡ፣ ለጸሐፊው ከተክቢራ የበለጠ ሰደቀቱን ጃሪያ ይሆናቸዋል።

አላህ (ሱ.ወ.) የተጎዱትን እህቶቻችንንና ወንድሞቻችንን ይሻርልን፤ ልባቸውን በእርጋታ ይሙላ፤ እኛንም የሚሰሙ ጆሮዎችና የማይቸኩሉ ምላሶች ይስጠን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።